የቡላ መንከባለያ

አንድ ጊዜ፣ ጭነት ጀርባቸውን ነክቶት የማያውቅ አህዮች በቆላ አገር፣ ከአንድ ራሰ በራ ኮረብታ ግርጌ ይኖሩ ነበር። ከእነሱም መካከል ቡላ የሚባል አህያና ዳልቺት የምትባል ሚስቱ አንዲት የግራር ጥላ ተጋርተው፣ አንዲት ሴት ውርንጭላ ወልደው፣ ሲጣሉም ሲታረቁም ብዙ ክረምት አሳልፈዋል።

ቡላ አንድ አመል ነበረው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከጥላው ይወጣና አቧራው ወደ ደቀቀበት ቦታ ሄዶ፣ ጉልበቱን አጥፎ ይጋደማል። ከዚያ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ እየተንከባለለ ሜዳውን በአቧራ ይሞላዋል።

«ኧረ አንተ፣ ወደ እኔ አታቡንነው!» ትለዋለች ዳልቺት።

«ተይኝ እስቲ! ጀርባዬን የምታኪልኝ አንቺ ነሽ?»

«ጀርባህን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? አንገትህ፣ ሆድህ፣ ጆሮህ ሳይቀር አፈር ሆኖ መጥተህ ደግሞ አጠገቤ ትተኛለህ።»

«ነገ ታጥቤ እመጣለሁ» ይላታል። ታጥቦ ግን አያውቅም። ከዓመት ዓመት ሲንከባለልበት ያ ቦታ ጎድጉዶ፣ የጎኑንና የትከሻውን ቅርጽ ይዞ፣ ከሩቅ የሚታይ ጎድጓዳ ሆነ። መንጋው ሁሉ «የቡላ መንከባለያ» ይለው ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ቡላ ከተኛበት ሳይነሳ ቀረ። ጅብ አልነከሰው፣ እባብ አልነደፈው፣ ከገደል አልወደቀ። ዳልቺት በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ «ተነስ እንጂ፣ ረፍዷል» አለችው። ጆሮው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በኋላ ስታስበው የከረመችው አንድ ነገር ነው፤ ማንን ልጥላ? የገደለው ቢኖር ትጠላው ነበር። መጥላትም ሥራ ነው፣ ቀኑን ያስመሻል። የገደለው ግን የለም።

መንጋው ቡላን ወደ ሸለቆው አውርዶ ድንጋይ ከመረበትና ለቅሶ ተቀመጠ። እመት ቀበሮ ገና ከሩቁ «ወይኔ አያ ቡላ! ወይኔ ደጉ ጎረቤቴ!» እያለች ደረቷን እየደቃች መጣች። አያ ጅቦም ከኋላዋ እያነከሰ ደረሰ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እመት ዳልቺት» አለ ጅቦ፣ እንባው እየወረደ። «እኔስ ከሁላችሁም በላይ ነው ያዘንኩት። እንዲህ ያለ ወፍራም ጎረቤት ከድንጋይ ሥር ሲቀር እንዴት አያንገበግብ! ለመሆኑ ድንጋዩ በጣም ከባድ ነው?»

ቀበሮ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ሲያዝን አፉ ይያያዝበታል» አለች ለለቀስተኛው። «ደግ ነበር ማለቱ ነው።»

ለለቅሶ የመጣው ሁሉ ሲሰናበት አንድ ዓይነት ቃል ይናገር ነበር። «አይዞሽ፣ ጊዜ ያስረሳሻል» ይላታል። ዳልቺት ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። የምትፈራው እሱን ነበርና። መርሳት አልፈለገችም።

ለቀስተኛው ሲበተን ወደ መንከባለያው ሄደች። አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ አሸተተች። የቡላ ጠረን አለ። ጥቂት የጀርባው ፀጉርም ከአቧራው ጋር ተደባልቆ ቀርቷል። ትከሻው ያረፈበት ቦታ እንደ ትከሻው ሰፊ ነው። «ይኸው እዚህ አለ» አለች ለራሷ፣ ከዚያም ቀን ጀምራ ጠባቂ ሆነች።

ማንንም አታስጠጋም። አንድ ጎረምሳ አህያ ጀርባው በልቶት ጎድጓዳው ውስጥ ሊጋደም ቢል በእርግጫ አባረረችው። ውርንጭላዋ እንኳ ወደዚያ ስትሮጥ «ተመለሽ! የአባትሽን ቦታ ልታበላሺ ነው?» ብላ ተቆጣቻት። ልጅቱ ጆሮዋን ጥላ ተመለሰች። ዳልቺት የእሾህ ቅርንጫፍ በጥርሷ እየጎተተች መንከባለያውን ዙሪያውን አጠረችው።

በጋው ገፋ። ከኮረብታው ሥር የነበረችው ምንጭ ቀጠነች፣ ከዚያም ጭቃ ሆነች። እንዲህ ሲሆን የዚያ አገር አህዮች አንድ ልማድ አላቸው። ወደ ደረቀው የአሸዋ ወንዝ ይወርዱና በሰኮናቸው አሸዋውን እየቆፈሩ ከሥር ያለውን ውሃ ያወጣሉ። የአሸዋ ጉድጓድ ውሎ አያድርም፤ በማግስቱ ጠርዙ እየተናደ ይደፈናል። እነሱም በማግስቱ እንደገና ይቆፍራሉ። እስከ ዝናብ የሚኖሩት እንዲህ ነው።

የመንጋው ታላቅ የሆነችው እትዬ ጠይሚት ወደ ዳልቺት መጣች።

«ልጄ፣ ነገ እንወርዳለን። ተዘጋጂ።»

«እኔ አልወርድም፣ እትዬ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ቆፋሪያችን ቡላ ነበር። አሁን አንድ ሰኮና እንኳ ቢጨመር እንፈልጋለን።»

«ከዚህ ብሄድ ነፋሱ ቦታውን ይደፍንብኛል። እሾህ ብቻውን አይመልሰውም፤ ጎኔን ሰጥቼ መጋረድ አለብኝ።»

ጠይሚት እሾሁን አየች፣ ጎድጓዳውንም አየች። «ይኸ እኮ አቧራ ነው፣ ልጄ» አለች ቀስ ብላ።

«ለአንቺ አቧራ ነው።»

«ልጅቱስ?»

«ልጅቱ ከእናቷ ጋር ናት።»

በማግስቱ መንጋው ወረደ። ዳልቺት የሰኮናቸው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ሰማችና ጎኗን ለነፋሱ ሰጥታ ተኛች።

*

ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ እናትና ልጅ እሱን እየመጠጡ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሽመላ ከረጅም መንገድ ደክማ ግራሩ ላይ አረፈች። ሽመላ አገር የምታቋርጥ ወፍ ናት፤ ያየችውን ሳትናገር ማለፍ አይሆንላትም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት ከላይ ሆና።

«ባሌን።»

«የት ሄዶ ነው?»

«ሞቶ።»

ሽመላ አንገቷን ወደ እሷ ዝቅ አደረገች። ከዚያ «ከባሕር ማዶ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል፣ ባረፍኩበት አገር ስለ አንድ የጥንት መምህር ያወራሉ» አለች። «ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ብዙ ካሰበ በኋላ እንዲህ ብሎ አስተማረ አሉ። የተሠራ ሁሉ ይፈርሳል፣ የተገናኘ ሁሉ ይለያያል። የሚያሠቃየን ግን መፍረሱ አይደለም፤ እኛ አትፍረስ ብለን የሙጥኝ ማለታችን ነው።»

«ይህ መምህር ሚስት ነበረችው?»

«ነበረችው ይባላል። እውነትን ፍለጋ ሲወጣ ትቷት ሄደ።»

«እንግዲያ እሱ ሂያጅ ነው» አለች ዳልቺት፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ። «የሄደ ሰው የቀረችዋን ሐዘን በምን ያውቀዋል?»

ሽመላ አንድ እግሯን አጥፋ አሰበች። «እሱን አልጠየቅሁም» አለች በመጨረሻ። «ግን የቀረችዋም በኋላ ያንኑ መንገድ ተከተለች ይላሉ። ለምን እንደሆነ እሷን መጠየቅ ነበረብኝ።»

ይህን ብላ ውሃ ወዳለበት አገር በረረች። ዳልቺት «ክንፍ ላለው መናገር ቀላል ነው!» ብላ ጮኸችባት። ቃሉ ግን ሰኮና ውስጥ እንደገባ ጠጠር አብሯት ቀረ።

በማግስቱ አያ ጅቦና እመት ቀበሮ ከወዲያ ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ሥር መጥተው ተቀመጡ። የአህያ ጆሮ ረጅም ነው፤ የማትፈልገውንም ትሰማለች።

«እኔስ መሮጥ ሰልችቶኛል» ይላል ጅቦ። «ባለፈው አንዷን ሳባርር በእርግጫ መንጋጋዬን ሰበረችው። እስካሁን በዚህ በኩል አላኝክም።»

«ማን ሩጥ አለህ? አንተ ሁልጊዜ ከጭንቅላትህ እግርህን ታስቀድማለህ። እስቲ እያት። ገመድ አለባት?»

«የለባትም።»

«ካስማስ?»

«ካስማም የለም።»

«ትሄዳለች?»

ጅቦ ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ። «አትሄድም! ምን ሆና ነው?»

«ራሷን አስራለች። አንተ ቁጭ በል። ጥሙ ሲጥላት መነሳት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ለእኔ ጉበቷን ካስቀረህልኝ ይበቃኛል።»

«ጉበቷን? ጉበቷንማ አልሰጥም!»

«እሺ ኩላሊቷን።»

«አንዱን።»

«አንተም ጎረቤት ትባላለህ!» አለች ቀበሮ፣ ሄዳም ከኮረብታው ጀርባ የቁልቋል ፍሬ ስትመጥ ዋለች። ስለ ቁልቋሉ ለጅቦ አልነገረችውም።

ጅቦ ተቀመጠ። ዳልቺትም ተኝታ ዋለች። ነፋሱ ነፈሰ። እንዲህ እየሆነ ሰነበተ። ውርንጭላዋ የእናቷን ጡት ስትስብ ምንም አይወጣላትም፤ ትንሽ ታርፍና እንደገና ትስባለች። ዳልቺት ያ መሳብ እየደከመ መምጣቱ ይሰማታል፤ ግን ዓይኗን ከነፋሱ አቅጣጫ አላነሳችም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቀና ብላ ጅቦን ስታየው ደነገጠች። ምላሱ መሬት ደርሷል። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። ዓይኑ ጎድጉዶ ገብቷል።

«አያ ጅቦ» አለችው። «ለምን ሄደህ ውሃ አትጠጣም?»

«ብሄድ ትሄጂብኛለሽ።»

«ብትቀመጥ እኮ በጥም ትሞታለህ።»

«አውቃለሁ። ግን የእኔ ነሽ እኮ! እንዴት ትቼሽ ልሂድ?»

«የአንተ አይደለሁም። ገና አልበላኸኝም።»

«በልቤ በልቼሻለሁ» አለ ጅቦ በኩራት። «ከታፋሽ ጀምሬ በልቤ ከበላሁሽ ሰንብቻለሁ። የቀረው ሆዴ ብቻ ነው።»

«አንተ ሞኝ፣ ተነስ ሂድ! የምትጠብቀውን ሳታገኝ መሞትህ ነው።»

«አንቺስ?» አለ ጅቦ፣ ከልቡ ለማወቅ ፈልጎ። «አንቺስ ለምን አትሄጂም?»

«እኔማ ከሄድኩ ነፋሱ ይወስድብኛል። የእኔ ነው እኮ፣ እንዴት ትቼው...»

ንግግሯን ሳትጨርስ ቆመች። ከአፏ የወጣው የጅቦ ቃል ነበር።

ቀስ ብላ ዞራ መንከባለያውን አየችው። ነፋሱን ስትከላከል ጀርባዋን ለመንከባለያው ሰጥታ ስለሰነበተች በደንብ ሳታየው ቆይታለች። ጎድጓዳው የለም። እሾሁ የከበበው እንደ ሌላው ሜዳ የተስተካከለ መሬት ነው። አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ አሸተተች። አቧራ፣ አቧራ ይሸታል።

ውርንጭላዋ በደከመ እግሯ ተጠጋቻት።

«እማ፣ አባዬ እዚህ ይንከባለል የነበረው ስለሚያሳክከው አይደል?»

«አዎ።»

«እኔንም ያሳክከኛል።»

ዳልቺት ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ነፋሱ ቡላ በሕይወት ሳለም ይነፍስ ነበር። በየሌሊቱ ጎድጓዳውን ይሞላው ነበር፣ በየቀኑም ቡላ ይከፍተው ነበር። ቦታውን ያቆየው ጠባቂ አይደለም፤ የሚያሳክከው ጀርባ ነው። እሷ አጥራ፣ ከልክላ፣ ማንም እንዳይነካው አድርጋ ዘጋችው። ቡላ ደግሞ አንድም ቀን ቢሆን «ትናንት የተንከባለልኩበት የት ሄደ?» ብሎ አያውቅም።

እሾሁን በጥርሷ ጎትታ ከፈተችው። «ነይ» አለቻት ልጇን።

ልጅቱ ተጋደመች። አቅም ስላልነበራት አንድ ጊዜ ብቻ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወዲያ ተገላበጠች። አቧራው ተነሳና የዳልቺትን ፊት ሸፈነው። ዳልቺት ከለቅሶው ወዲህ አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ሲበቃት ፊቷን በጉልበቷ ጠረገችና «ተነሺ፣ ውሃ ፍለጋ እንሄዳለን» አለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ ጅቦ በድንጋጤ ብድግ ሲል። እግሩ ተጥመልምሎ ወደቀ። «ሥጋዬ ሄደ! እመት ቀበሮ፣ ሥጋዬ ተነስቶ ሄደ!»

ቀበሮ አፏን ከቁልቋል ጭማቂ እየጠረገች ከኮረብታው ጀርባ ብቅ አለች። «አትጩህ። በዚህ ሁኔታዋ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ተከተላት» አለችው።

*

የአሸዋው ወንዝ ሲደርሱ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። ዳልቺት መንጋውንና የመንጋውን ጉድጓዶች አገኛለሁ ብላ ነበር የመጣችው። ያገኘችው ነጭ አሸዋ ነው። የተቆፈረው ሁሉ ተደፍኗል፤ የመንጋው ዱካ ወደ ታች፣ ወደ ሩቅ ይወርዳል። ውርንጭላዋ አሸዋው ላይ ተኛች፣ «ተነሺ» ብትላትም አልተነሳችም።

ዳልቺት ቆፋሪ ሆና አታውቅም። ቡላ ሲቆፍር እሷ ዳር ቆማ «አሸዋውን ዓይኔ ውስጥ አትጨምር» ስትል ነው የኖረችው። አሁን የፊት እግሯን አንስታ መሬቱን መታችው። ቆፈረች። ጥቂት እንደወረደች ጠርዙ ተናደ። እንደገና ቆፈረች፣ እንደገና ተናደ። ያን ጊዜ ቡላ የጉድጓዱን አፍ አስፍቶ ይጀምር እንደነበር ትዝ አላት። ሰፋ አድርጋ ጀመረች። አንዱን እግር አስቀድማ፣ ሌላውን አስከትላ፣ አሸዋውን ወደ ኋላ እየረጨች ወረደች። ሳታውቀው እግሮቿ የእሱን አቆፋፈር ይዘዋል።

አያ ጅቦ እየተሳበ ደርሶ ከዳር ተቀምጧል። ቀበሮም ከጎኑ አለች።

«አሁን ልብላት?» አለ ጅቦ በሹክሹክታ።

«መጀመሪያ ውሃውን ታውጣ እንጂ! ሥጋ ያለ ውሃ ጉሮሮህ ላይ ይቀራል» አለች ቀበሮ።

አሸዋው ጠቆረ። ከዚያ ረጠበ። የውሃ ሽታ ሲወጣ ጅቦ ራሱን መግዛት አልቻለም። «የእኔ ነው!» ብሎ ዘሎ ዳልቺትን ገፈተራትና ጭንቅላቱን ጉድጓዱ ውስጥ ነከረ። በፊት እግሩ ወዲህና ወዲያ ሲቧጥጥ ጠርዙ በአንድ ጊዜ ተንዶ እስከ ትከሻው ቀበረው። ከላይ የሚታየው የኋላ እግሮቹና ጅራቱ ብቻ ሆነ። እግሮቹ አየሩን ይደበድባሉ።

«እመት ዳልቺት፣ ይኸ ነው ዕድልሽ!» አለች ቀበሮ እየዘለለች። «ተዪው ይታፈን! ልጅሽን ሊበላ የመጣ አይደል? ሌላ ቦታ ቆፍሪ።» ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የጅብ ጉበት ግን ምን ምን ይል ይሆን?» አለች ለራሷ።

ዳልቺት ቆማ አየችው። ከቡላ ሞት ጀምራ የምትጠላው ስትፈልግ ከርማለች፤ ይኸው አገኘች። ይበላት ዘንድ የመጣ፣ ክፉ፣ ሆዳም። ትንሽ ብትቆይ ብቻ ያልቅ ነበር። ነገር ግን እነዚያን እግሮች ስታይ ጅብን አላየችባቸውም። እግሮቹ የሚሉት «መኖር እፈልጋለሁ» ነው፤ የልጇ ደካማ አፍ ደረቅ ጡት ሲስብ ይል የነበረውም ይህንኑ ነው። እሷም ለነፋሱ ጎኗን ሰጥታ ስትተኛ የፈለገችው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የጅቦን ጅራት በጥርሷ ያዘች። እግሮቿን አሸዋው ላይ ተክላ ወደ ኋላ ሳበች። ጅቦ እንደ ተነቀለ ሥር ብቅ ብሎ በጀርባው ወደቀ። አሸዋውን ከአፍንጫው ሳያራግፍ፣

«ጅራቴን! ጅራቴን!» ብሎ ጮኸ። «አህያ ጅብ በላች! ያገር ሰው ስሙልኝ፣ አህያ ጅብ በላች!»

ዳልቺት ሳታስበው ሳቀች። ስቃም ስትጨርስ ጉድጓዱን አየች። ጨርሶ ተደፍኗል። ልጇ አሁንም ተኝታለች። እግሯን አንስታ ከላይ ጀመረች።

«እንደገና?» አለ ጅቦ ተገርሞ።

«እንደገና።»

«እኔም ልቆፍር?» አለና ሁለት ጊዜ ሲቧጥጥ ያወጣችውን አሸዋ ሁሉ መለሰባት።

«አንተ ቁጭ በል። ቁጭ ማለትህ ትልቅ እርዳታ ነው።»

ጅቦ ቁጭ አለ። በዕድሜው የመጀመሪያው እርዳታ ስለሆነ አደራውን አጥብቆ ያዘ፤ ቀበሮ ወደ ጠርዙ ስትጠጋ እንኳ «ወዲያ በይ! ጠርዙ ይናዳል!» ብሎ አባረራት።

ውሃው በመጨረሻ ከሥር እንደ ላብ ወዛ አለ። ዳልቺት የመጀመሪያውን ድፍርስ ጠብቃ፣ ሲጠራ አፏን ሞልታ ወጣችና የልጇ ከንፈር ላይ አፈሰሰችው። ተመልሳ ሞላች፣ ተመልሳ አፈሰሰች። ውርንጭላዋ ላሰች። ቆየት ብላ ዋጠች። ከዚያ በፊት እግሯ ተንበርክካ፣ ተንገዳግዳ ቆመችና ወደ ጉድጓዱ ራሷ ወረደች።

ዳልቺት እንደ ወገኖቿ ልማድ አንገቷን ቀጥ አድርጋ አናፋች። ውሃ ያገኘ አህያ ሳያናፋ አይጠጣም። ጩኸቱ በወንዙ ሸለቆ ወረደ። መጀመሪያ ጅግራዎች መጡ። ከዚያ ሚዳቋዎች ጆሯቸውን አቁመው ጅቡን በጎን እያዩ ተጠጉ። በመጨረሻ ከታች በኩል መንጋው ታየ፤ እትዬ ጠይሚት ከፊት ናት፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«የእኛ ጉድጓዶች ደርቀውብን ነበር» አለች እያለከለከች። «የቡላን ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ...» ንግግሯን ሳትጨርስ ዳልቺትን አየቻት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ዳልቺት። «ጠጪ።»

ሁሉም በየተራቸው ጠጡ። ጅቦ ከሁሉ በኋላ «በቀስታ፣ በቀስታ» እየተባለ ጠጣና ሆዱ ተነፍቶ ከዳር ተዘረረ።

«እመት ዳልቺት» አለ፣ እንደማፈር ብሎ። «ነገ ብበላሽ ትቀየሚኛለሽ?»

«ይህ ጉድጓድ ነገ ይደፈናል። ከበላኸኝ ማን ይቆፍርልሃል?»

ጅቦ ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ አሰበ። «ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም ይደፈናል።»

«ይኸ አሸዋ ክፉ ተንኮለኛ ነው» አለ ጅቦ። ተናዶ ወደ ጎኑ ዞረና እንቅልፍ ወሰደው።

እመት ቀበሮ ብቻ አልጠጣችም። ጉበትም ኩላሊትም አምልጧት ከጠርዙ ራቅ ብላ ተቀምጣ ነበር። የቁልቋሉ ጭማቂ ከአፏ ከደረቀ ቆይቷል።

«እኔ ብልጥ ነኝ ይሉኛል፤ ይኸ ነገር ግን አልገባኝም» አለች። «ባልሽ ዕድሜውን ሁሉ ቆፈረ፤ ከቆፈረው አንድም የለም። አንቺም ዛሬ ሁለት ጊዜ ቆፈርሽ፤ ነገ ጠዋት ብንመጣ ምልክቱ እንኳ አይገኝም። ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው?»

ዳልቺት ዙሪያዋን አየች። ልጇ ከአፏ ውሃ እየተንጠባጠበ አንድ የሚዳቋ ግልገል ታሳድዳለች። የጉድጓዱ ጠርዝ በአንድ በኩል ቀስ እያለ መንሸራተት ጀምሯል፤ ትንሽ አሸዋ ወደ ውሃው ገባች።

«አልጠጣሽም አይደል?» አለች ዳልቺት፣ ከጠርዙ ፈቀቅ ብላ ቦታ እየለቀቀችላት። «ነይ፣ እመት ቀበሮ። አሁን ክፍት ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ያለፈውን አጥረን በመጠበቅ ልናቆየው እንደማንችልና የሕይወት ትርጉም ነገ የሚደፈን መሆኑን እያወቅን ዛሬ ለተጠማ ሁሉ መቆፈር እንደሆነ ነው።